የግንቦት ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የባንኩንና የመዝገቡን ቀሪ ማስታረቅ) 2,700 ብር አልገጥም አለኝ፤ የት ልፈልግ?

ሰላም የሒሳብ ባለሙያዎች፣ በአንድ አስመጪ ድርጅት የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ ላይ ያለሁ የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ።

የባንክ ስቴትመንቱ ቀሪ 1,284,650 ብር ነው። ገና ያልገባ ተቀማጭ 15,000 ደምሬ፣ ያልተመነዘሩ ሦስት ቼኮች 96,400 ስቀንስ 1,203,250 ይሆናል። የመዝገቡ ቀሪ 1,206,330፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ 380 ሲቀነስ 1,205,950። መዝገቡ በ2,700 በልጧል።

ስቴትመንቱ ከሜይ 9 እስከ ጁን 7 ስለሆነ ከግንቦት 1 እስከ 30 ልክ ይገጥማል፤ የቀን መቁጠሪያ ችግር አይደለም (ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይሄ ነበር)። 2,700 ለ9 ስለሚካፈል አኀዝ ተገለባብጦ እንደሆነ፣ ለምሳሌ 17,400 የተከፈለው 14,700 ተብሎ፣ እያንዳንዱን የክፍያ ቫውቸር ከቼክ ጉርዱ ጋር አመሳክሬአለሁ። ዴቢትና ክሬዲት ተምታቶ ከሆነም ብዬ (በተሳሳተው ወገን የገባ መጠን ልዩነቱን እጥፍ ስለሚያደርገው) ግማሹን 1,350ን ፈለግሁ። የለም።

የቀረኝ ጥርጣሬ ሚያዝያ ነው፤ የዚያ ወር ያልተመነዘሩ ቼኮች ዝርዝር ከፋይሉ ውስጥ ጠፍቷል። ዝርዝሩን ከሚያዝያ ስቴትመንትና ከቼክ ጉርዶች እንደገና ላዘጋጀው ወይስ ሌላ አቋራጭ አለ? «ለጊዜው ሰስፔንስ ውስጥ ክተተው» (ምክንያቱ ያልታወቀ ልዩነት የሚቆይበት ጊዜያዊ ሒሳብ ማለት ነው) ተብያለሁ፤ ምክንያቱን ሳላውቅ መመዝገቡ ግን በጣም ከብዶኛል። እባካችሁ፣ ወሩ ሳይዘጋ እርዱኝ።