የልጄን ሰገራ ሁለቴ የወሰዱት ለምንድን ነው?

የሽምብጥ እናት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የአራት ዓመት ልጄ ትኩሳት ይዞት ሰንብቶ አንድ ጠዋት ቀኝ እግሩን መቆም አቃተው፤ ዝልፍልፍ አለበት። ጤና ጣቢያ ስወስደው ሐኪሟ ጉልበቱን መታ መታ አድርጋ አየችና ወዲያው ስልክ ደወለች። ከሰዓት አንድ ሰው በረዶ ያለበት ሳጥን አንጠልጥሎ መጥቶ ሰገራውን ወሰደ። በማግስቱ ደግሞ ተመልሶ መጣ! ክትባቱን ጨርሷል፣ ካርዱም እጄ ላይ ነው። ልምሻ ሆኖ ደብቀውኝ ይሆን? ጎረቤቶቼማ "ምች ነው፣ ዳማከሴ ጭመቂለት" ነው የሚሉኝ።

ጡረተኛው የቅኝት ሰው፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። በጣና ሐይቅ ዳር ወረዳዎች ስሠራ የኖርኩት ይህንኑ የበሽታ ቅኝት ነው። የደበቀሽ የለም። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፣ ሐኪሙ ፖሊዮ (ልምሻ) ጠረጠረም አልጠረጠረም ማሳወቅ አለበት። ሁለቴ የሚወሰደው ቫይረሱ በሰገራ የሚወጣው አንዴ እየታየ አንዴ እየጠፋ ስለሆነ ነው። ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ መዛሉ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መወሰድ አለበት። ከዚያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ እንደቀዘቀዘ አዲስ አበባ፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላብራቶሪ ይገባል። ከደቅ ደሴት ሲሆንማ ጣጣው ሌላ ነው፤ ከሰዓት ሐይቁ ስለሚናወጥ ጠዋት በጀልባ ካልወጣ ውሎ ያድራል። ባለጀልባው ሳጥኑን አይቶ "ዓሣ ነው?" ሲለኝ "ብትበላው አይስማማህም" እለው ነበር።

ቫይረሱ ከያዛቸው ልጆች ሽባ የሚሆነው ከ200 አንድ ገደማ ነው። ሌላው ምንም ሳይታይበት ያስተላልፋል። ለዚህ ነው አንድ እግር ሲዝል ሁሉ የሚሯሯጠው። ፖሊዮ ባይኖርም እንኳ ከ100,000 ልጆች በዓመት ቢያንስ 2 እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መገኘት አለበት፤ ነርቭ በሌላ ምክንያትም ይታመማልና። ዓመቱን ሙሉ "ምንም የለም" ብሎ የጻፈ ወረዳ አይመሰገንም፣ ተኝቷል ተብሎ ይገመገማል።

አባይ ማዶ፦
አፍሪካ ከፖሊዮ ነፃ ሆነች ተብሎ ተጨብጭቦ አልነበር? የሌለ በሽታ እያሳደዱ አበል መብላት ነው።

ጡረተኛው የቅኝት ሰው፦
አበሉን ብታየው አትቀናም ወንድሜ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነፃ የተባለው ከተፈጥሮው ቫይረስ ነው። ብዙ ልጅ ሳይከተብ በቀረበት አካባቢ ግን በአፍ የሚሰጠው የክትባት ጠብታ የተዳከመ ቫይረስ ከልጅ ልጅ ሲዘዋወር ተለውጦ ሽባ የማድረግ አቅሙን ሊመልስ ይችላል፤ አገራችንም ገጥሟታል። የተፈጥሮውም ቢሆን በ2014 ዓ.ም. ማላዊ ውስጥ ተገኝቷል፤ ዝርያው የፓኪስታን ነበር።

የዘጌ ልጅ፦
እኛ ሰፈር ጤና ኤክስቴንሽኗ ወጌሻው ቤት ሳትደርስ አታልፍም። "እግሩ የዛለ ልጅ አምጥተውልሃል?" ትለዋለች። ጸበል ቦታም እንዲሁ ትጠይቃለች። ለካ ነገሩ ይሄ ነው!

የሽምብጥ እናት፦
ተባረክ ጋሼ። አሁን ምን ላድርግ?

ጡረተኛው የቅኝት ሰው፦
የሰገራው ውጤት መድኃኒት አይሆነውም፤ የሐኪም ቀጠሮውን እንዳትተዪ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገረው ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ከ60 ቀን በኋላ እግሩን ዳግም ሊያዩት ይመጣሉ። አንድ ልጠይቅሽ፦ ለትኩሳቱ ቂጡ ላይ መርፌ ተወግቶ ነበር?

የሽምብጥ እናት፦
አዎ፣ በቀኝ በኩል፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ።

ጡረተኛው የቅኝት ሰው፦
ነገ ለሐኪሟ ንገሪያት። መርፌ ነርቩን ከነካውም እግር እንዲህ ይዝላል፤ ቅጹ ላይም ይህ ይጠየቃል።