እማዬ መርከብ ትሳፈር ወይስ ትቅር? (በፈረንጆቹ 2021፣ በኮሮና ጊዜ የተደረገ ጭውውት)

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም ድሬዎች። እማዬ ፍሎሪዳ እህቴ ጋ ናት። በኮሮና ቆመው የነበሩት የመዝናኛ መርከቦች ሥራ ስለጀመሩ እህቴ ለሰባት ቀን ካሪቢያን ይዣት ልዙር እያለች ነው። እማዬ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ የኮሮና ክትባቱን ሁለቱንም ዙር ተከትባለች። እኔ ግን ያ ኮሮና ገብቶበት ጃፓን፣ ዮኮሃማ ላይ የቆመው መርከብ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ምን ትላላችሁ?

ጀጎል፦ አቦ ተዋቸው ይዝናኑበት! እኛ እዚህ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቀን፣ ማስካችንን አገጫችን ላይ አድርገን እየዞርን መርከብ እንፈራለን?

ነርሷ፦ ቀልዱን ተዉትና። ያ ያልከው መርከብ፣ ዳይመንድ ፕሪንሰስ ላይ ከ3,711 ሰው 712ቱ ተይዘዋል። ያ ግን በፈረንጆቹ 2020 መጀመሪያ ነው፣ ክትባት የሚባል ነገር አልነበረም። አሁን በ2021 ባለው ደንብ ከአሜሪካ የሚነሳ መርከብ ወይ ከተሳፋሪውም ከሠራተኛውም 95 በመቶው የተከተበ መሆን አለበት፣ አለዚያ አስቀድሞ በበጎ ፈቃደኞች የሙከራ ጉዞ ያደርጋል። እህትህ የእነሱ የትኛው እንደሆነ ትጠይቅ፤ እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው። መድኃኒታቸውን ደግሞ ለሰባት ቀን ሳይሆን ለሦስት ሳምንት ይያዙ፣ ምናልባት ኳራንቲን ቢገቡ። በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ክፍላቸው ድረስ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ሕክምናን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም አይረሳ።

የከዚራ ልጅ፦ ተባረኪ እህቴ። አሁን ደወልኩላቸው። እማዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «እዚያ ቡና ማፍላት ይቻላል ወይ?»

ጀጎል፦ ከሰል ይዘው እንዳይገቡ በላቸው አቦ! መርከብ ላይ እሳት ክልክል ነው፣ ጀበናዋ ፍሎሪዳ ትጠብቃቸው።