የጭቃ ጎማ ላይ ተጨማሪ ሳይፒንግ፦ ለማን ያዋጣል?

የፒካፕ ኦፍሮድ ጎማ ላይ ሳይፒንግ ላስቆርጥ ወይስ ይቅርብኝ ለምትሉ ሁሉ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትነዱት ምን ላይ ነው? ጭቃና ሹል ድንጋይ ከሆነ ተዉት። እርጥብ አስፋልት ወይም የተጠቀጠቀ በረዶ ከሆነ ግን እንነጋገር።

ሳይፒንግ ማለት የጎማውን ጥርስ እንደ ምላጭ በቀጠነ ስንጥቅ ማስተልተል ነው። ጥርሱ መንገዱን ሲረግጥ ስንጥቆቹ ፈታ ይላሉ፤ ጠርዛቸውም ውሃውን ሰብሮ መንገዱን ይቧጥጣል። የጭቃ ጎማ ጥርሱ ትልልቅና ድፍን በመሆኑ እንዲህ ያለ ጠርዝ ያንሰዋል፤ በዝናብ ፍሬን ሲያዝ የሚንሸራተተውም አንድም በዚህ ነው። ጭቃ ውስጥ ግን ስንጥቁ ወዲያው ይደፈናል። እዚያ የሚሠራው በጥርሶቹ መሃል ያለው ሰፊ ቦይ ነው።

ድንጋይ ላይ ደግሞ ጉዳቱ በዓይን ይታያል። የተሰነጠቀው ጥርስ ሹል ኮረት ላይ ሲሽከረከር ማዕዘኑ እየተቆረሰ ይሄድና አይጥ የበላው ዳቦ ይመስላል። ጭነት ሲበዛ ይብሳል። ደረቅ አስፋልት ላይም ጥርሱ ስለሚላላ መሪው ዘገም ይላል።

ጎማ ገና ልትገዙ ከሆነ ምርጫዬ ግልጽ ነው፤ ከፋብሪካ ስንጥቅ ያለው ኦል ተሬን (ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆን ጎማ) ይሻላል። የብዙዎቹ ስንጥቅ ውስጡ ሞገድ ስላለው ጥርሱ ሲጫን እርስ በርሱ ይያያዛል፤ በኋላ የሚቆረጠው ግን ቀጥ ያለ ነው። ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ፈልጉ፤ የቢኤፍጉድሪች ኬኦ2 ለምሳሌ አለው። «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ጎማው በረዶ ላይ ተፈትኗል ማለት አይደለም።

የጭቃ ጎማው እጃችሁ ላይ ካለ፣ በእጅ በሚያዝ የጋለ ምላጭ ከሚቆርጥ ጎሚስታ ጥልቀቱ የሚለካ ማሽን ያለውን እመርጣለሁ። የእጁ ለአንዳንድ ጥርስ ማስተካከያ ይሆናል እንጂ አራት ጎማ ሙሉ እኩል ማውጣት ከባድ ነው። መሃሉን ብቻ አስቆርጡ፣ የትከሻውን፣ ማለትም የዳር ጠርዙን፣ ጥርስ አትንኩ፤ ድንጋይ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ስንጥቁ ከዋናው ቦይ ጥልቀት እንዳያልፍ። ከጥርሱ ሥር ያለው የብረት ሽቦ ጋ ከደረሰ ውሃ ይገባና ይዝጋል፣ ያኔ ጎማው አለቀለት። ጥርሱ ከግማሽ በታች ካለቀ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ዋስትናውንም ሳታስቆርጡ በፊት አንብቡ፤ ብዙ አምራቾች የተቆረጠ ጎማ አይቀበሉም።