የሠርግ ካርዱ ሲታተም የፊደሉ ቀጭን መስመሮች ጠፉብኝ፤ ምን ላድርግ?

የሙሽራዋ እህት፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የእህቴን የሠርግ ካርድ ራሴ እየሠራሁ ነው፤ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። ለእንግሊዝኛው ፕሌይፌር ዲስፕሌይ የሚባለውን ፎንት መረጥኩ። ኮምፒውተር ላይ ልብ ይሰርቃል፤ ወፍራሙ ወፍራም፣ ቀጭኑ እንደ ፀጉር። ካርዱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጽሑፉ ነጭ ነው። ናሙናው ሲመጣ ግን በፊደል መጠን 8 የጻፍኩት አድራሻ ተበላሽቷል። የእንግሊዝኛዋ ትንሿ ‹ኢ› (e) መሐል መስመር ጠፍታ ‹ሲ› (c) ትመስላለች። አማርኛው ደግሞ ከሌላ ካርድ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ሐሙስ ህትመት ይገባል፤ እባካችሁ እርዱኝ።

ማተሚያ ቤት የምሠራ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ፎንቱ ምንም አልሆነም፤ ያለቦታው ገብቶ ነው። ነጭ ሆኖ የሚታይሽ ፊደል ቀለም ያልነካው ወረቀት ነው። አረንጓዴው ዙሪያውን ትንሽ ሰፋ ሲል መጀመሪያ የሚውጠው ቀጭኗን መስመር ነው። ‹ዲስፕሌይ› የተባለውም ለርዕስ ስለተሠራ ነው። የሙሽሮቹን ስም በ36 ጻፊበት፣ ያምርበታል። አድራሻውንና ሰዓቱን ግን የመስመሩ ውፍረት እኩል በሆነ ቀለል ያለ ፎንት፣ በ9 ወይም በ10 አድርጊው። ቦልድ አድርጊው የሚልሽ ካለ እንዳትሰሚ። ቦልድ ወፍራሙን ነው የሚያወፍረው፤ ቀጭኗ ያው ቀጭን ናት።

ፊደል ወዳድ፦ ወረቀቱንም እይው፣ እህቴ። የዚህ ዓይነት ፊደል ታሪኩ ራሱ ከወረቀት ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዛዊው አታሚና ፊደል ነዳፊ ጆን ባስከርቪል እ.ኤ.አ. በ1757 የመጀመሪያ መጽሐፉን በርሚንግሃም ሲያሳትም፣ ቀጫጭን መስመሮቹ እንዲወጡለት ለስላሳ ወረቀትና ጠቆር ያለ ቀለም ተጠቅሟል። በኋላ ሌሎች ፊደል ነዳፊዎች፣ ቦዶኒ ጣሊያን ፓርማ ላይ፣ ዲዶ ፓሪስ ላይ የወፍራሙንና የቀጭኑን ልዩነት የበለጠ አራራቁት። ያንቺም ፎንት ከባስከርቪል ዘመን ፊደሎች የተቀዳ ነው። ስለዚህ ሸካራ ካርቶን ከሆነ የመረጥሽው፣ ለስላሳውን ጠይቂ።

ከሜሪላንድ፦ የአማርኛው ችግር ሌላ ነው። ፕሌይፌር የግዕዝ ፊደል የለውም። አንቺ ሳታውቂ ኮምፒውተሩ ከራሱ ሌላ ፎንት አምጥቶ ነው የተካልሽ። ለስሞቹ አቢሲኒካን ሞክሪ፣ በነፃ ይገኛል። የብራና ቁም ጽሕፈታችንን የሚያስታውስ ነው። ‹ሐ›ን በትልቁ ጽፈሽ እያት፤ ሦስቱ እግሮች ወፈር ብለው ቆመዋል፣ የሚያያይዛቸው መስመር ሳሳ ያለ ነው። ከፕሌይፌር ጋር የሚያዛምደው ይሄ ነው። ለትንንሹ ጽሑፍ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ ይሻላል፣ የተለያየ ውፍረት አለው። የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን መጠን በቁጥር አታመሳስይ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ በዓይንሽ አስተካክይ።

የሙሽራዋ እህት፦ እግዜር ይስጥልኝ! ማታ ሁሉንም ሞከርኩት። ስሞቹ በአቢሲኒካ ሲጻፉ እናቴ «የእጅ ጽሑፍ ነው እንዴ?» አለችኝ። አድራሻውንም ቀይሬ ቤት ፕሪንተር ላይ በሙሉ መጠኑ አወጣሁት፤ ‹ኢ›ዋ ተመልሳለች።

ማተሚያ ቤት የምሠራ፦ ደስ ይላል። ፒዲኤፉን ከመላክሽ በፊት ፎንቶቹ ውስጡ መካተታቸውን አረጋግጪ። ካልተካተቱ፣ እዚያ ሲከፈት አማርኛው እንደገና ይለወጥብሻል።