ክርክር፦ የአንደኛ ደረጃ የቤት ሥራ ማርክ ይያዝበት ወይስ ይቅር?

መምህር (ታቦር ክፍለ ከተማ፣ ሐዋሳ)፦
ባለፈው ሳምንት «የቤት ሥራ ማርክ ሊያዝበት አይገባም» ስል ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችኋል። ምክንያቴን ላስረዳ። የማስተምረው በመንግሥት ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል ነው። በአካባቢ ሳይንስ «ስለ ሐይቃችን እንስሳት ጽፋችሁ አምጡ» አልኩ። የባለሱቁ ልጅ ሥራ በቀለም ታትሞ፣ ተጠርዞ መጣ። ኮምፒውተር ቤት ነው የሠራላት። ሌላው ልጅ ከደብተሩ የገነጠለውን አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ከትምህርት በኋላ ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ዓሣ ሲታረድ ያግዛል። «ቆሮሶ ቅርፊት አለው፣ ይፋቃል። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ያዳልጣል፣ እጅህን አመድ ነክረህ ነው የምትይዘው» ብሎ ጽፏል። ጠርዙ ላይ የዓሣ ውኃ ነክቶታል። «ንጽሕናና አቀራረብ» የሚል መስፈርት ስላለ ለታተመው 10 ሰጠሁ፣ ለእሱ 6። እስካሁን ይቆጨኛል። የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት ቤትን እስከ 10ኛ ክፍል ከክፍያ ነፃ አደረገ። ተከታታይ ምዘናንም ያመጣው እሱ ነው፣ ልጅ በአንድ ፈተና ብቻ እንዳይመዘን። እኛ ግን በልጁ ስም የወላጁን ኪስ እየመዘንን ነው።

ቁርስ ቤት ያላት እናት፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። ማርክ ከሌለው ማን ይሠራዋል? ልጄን ግል የማስተምረው ተርፎኝ አይደለም። ክፍያ በተጨመረ ቁጥር እንቅልፍ አጣለሁ። ማታ ግን ደብተሩን ይዞ ከጎኔ ይቀመጣል። ይህ ልማድ ነው፣ በማርክ ነው የመጣው። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ ድንገት አልመጣም። ከታች ስንለሳለስ ነው የመጣው።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የምሠራ፦
እህቴ፣ «ከጎኔ ይቀመጣል» አልሽ። ታድለሻል። እኔ የከሰዓት ሺፍት ስገባ ቤት የምደርሰው ልጄ ከተኛች በኋላ ነው። እንዳትነቃብኝ ደብተሯን በስልኬ መብራት አየዋለሁ። «ወላጅ ይፈርም» ይላል። እፈርማለሁ። ትክክል ትሥራ አትሥራ ግን አላውቅም። 8ኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ የአሁኑ ሒሳብ ደግሞ እኔ ከተማርኩት ሌላ ነው። ከአሥር 4 ስታመጣ የእኔ ማርክ ይመስለኛል።

አስጠኚ፦
ሦስት ቤት አስጠናለሁ። እውነቱን ልናገር፣ «ሥራለትና ይገልብጠው፣ ነገ ማርክ አለው» የምትለኝ እናት አለች። ልጁ ፊደሉ ያምራል፣ 10 ያመጣል፣ ማካፈል ግን አይችልም። ስለዚህ ማርኩ ሀብታሙንም አልጠቀመ። ግን መምህር፣ የቤት ሥራው ራሱ ከቀረ የሚጎዳው ማነው? በፈረቃ የሚማረው ልጅ ትምህርት ቤት የሚውለው ግማሽ ቀን ነው። ግል ያለው እኔን ይቀጥራል። ያኛው ማንን ይቀጥራል? በትርፉ ግማሽ ቀን እዚያው ግቢ ይሥሩ።

መምህር፦
የት ወንድሜ? ክፍሉ ባዶ አይደለም፣ የሌላው ፈረቃ ልጆች ገብተውበታል። የቤት ሥራ ይቅር አላልኩም። ማርክ የሚያዝበትን ሥራ ክፍል ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ ይሥሩት ነው የምለው። ጀምሬዋለሁ። ያ ዓሣ ገበያ የሚያግዘው ልጅ ከክፍሉ ቀድሞ ይጨርሳል።

ቁርስ ቤት ያላት እናት፦
ለዚያ ልጅ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ልጆቹ ከስልሳ በላይ። ግማሹን እዚያ ካጠፉት መቼ ያስተምራሉ? ይህን ይመልሱልኝ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ የምሠራ፦
እሱን እስክትመልሱ ድረስ ቢያንስ «ወላጅ ይፈርም» የሚለውን አስቀሩልን።