ጥቆማ፦ ለዩኤስቢ ማይነር መብራት የማይበላ ኮምፒውተር፣ ድሬ ላይ

የሳቢያኑ፦
ሰላም ያ ጀማ። ዘመድ ከውጭ የላከልኝ ሦስት የዩኤስቢ ቢትኮይን ማይነሮች አሉኝ፣ ስሌት እየሠሩ ዲጂታል ገንዘብ የሚያወጡ ፍላሽ መሳይ ስቲኮች። ለጊዜው አንድ የቆየ ላፕቶፕ ላይ ሰክቼ ነው የማሠራቸው። ላፕቶፑ ግን ፋኑ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፣ በዚህ ሙቀት ላይ ሌላ ሙቀት ይጨምርብኛል። ቀንም ሌሊትም ተሰክቶ የሚውል ትንሽ ነገር ፈልጌ ነው። ራስፕቤሪ ፓይ (ያቺ ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ቲን ክላየንት (ቢሮ ውስጥ ከሰርቨር ጋር የምትሠራው ትንሽ ኮምፒውተር) ወይስ ሚኒ ፒሲ? ከየት ልግዛ? ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ተዉልኝ፣ ለመማር ነው።

ከዚራ ጥላ፦
ፓይ 3 ይበቃሃል። ስሌቱን የሚሠራው ስቲኩ ነው። የኮምፒውተሩ ድርሻ ሥራውን ከፑሉ (ማይነሮች በጋራ ከሚሠሩበት ሰርቨር) ተቀብሎ ለስቲኩ መስጠት፣ መልሱን መላክ ነው፣ በቃ። ለዚህ ትልቅ ፕሮሰሰር ምን ያደርግልሃል? ፓይ 3 ይህን ሲሠራ ጥቂት ዋት ነው የሚበላው።

ነምበር ዋን ልጅ፦
አቦ አንትማይነር የሚባለውን ትልቁን ማይነር ግዛና ተገላገል። ኮምፒውተር የሚባል አይፈልግም፣ የራሱ መቆጣጠሪያ ቦርድ አለው። የኔትወርክ ገመድ ትሰካለህ፣ በብራውዘር ትገባለህ፣ አለቀ።

ከዚራ ጥላ፦
አንትማይነር ኤስ9 ብቻውን ወደ 1,300 ዋት ይበላል። ሰውዬው መብራት የማይበላ ነው ያለው፣ አንተ ምጣድ ታስገዛዋለህ።

ደቻቱ ማዶ፦
ቲን ክላየንት ከመግዛትህ በፊት የእኔን ስማ። ሱቁን አልጠራም። ከውጭ ቢሮዎች የወጣች፣ መዳፍ የምታክል ቲን ክላየንት ገዛሁ። አዳፕተሯ የለም። ሻጩ መሳቢያ ጎርጉሮ አንድ ሰጠኝ። «ሁሉም አንድ ነው» አለ። ቤት ሄጄ ሰካሁት። ጧ አለ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። ገልብጬ ሳያት ከሥሯ 5 ቮልት ይላል። አዳፕተሩ 12! ጫፉ ግን ልክክ ብሎ ነው የገባው። መልሼ ብወስድለት «ያቃጠልከው አንተ ነህ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ደረሰኝ ስል ጭራሽ ተቆጣኝ።

ታይዋን ደንበኛ፦
ታይዋን ገበያ እኔ የምገዛበት ልጅ እንዲህ አያደርግም፣ ወላሂ።

ደቻቱ ማዶ፦
ታይዋን ነው ያልኩት እንዴ?

ታይዋን ደንበኛ፦
አላልክም፣ ግን ገብቶኛል። ከእሱ የገዛሁት ፍላሽ እስከ ዛሬ ይሠራል።

አሸዋ በር፦
ፍላሹ መሥራቱ ስለ ቲን ክላየንት ምን ይነግረናል?

ታይዋን ደንበኛ፦
ልጁ ታማኝ መሆኑን ይነግረሃል። ሻይ ሳያጠጣህ አይሸኝህም።

አሸዋ በር፦
እኔንም ኦሪጅናል ቻርጀር ብለው ሸጠውልኝ ስልኬ ባትሪው አብጧል። ሻይ ግን አላጠጡኝም፣ ለካ እዚያ ጋ ነው የተበላሁት።

ቀፊራ ማለዳ፦
ለመሆኑ ሦስቱ ስቲኮች ተደምረው ስንት ቴራሃሽ (በሰከንድ ስንት ትሪሊዮን ስሌት) ናቸው? አንድ? ሁለት? እዚያ ማዶ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቴራሃሽ ተሰልፎ እየጠበቀህ ነው። ስሌቱን ቀድሞ ላገኘ ማይነር የሚሰጠው የብሎኩ ሽልማት ሚያዝያ 2016 ላይ ግማሽ ሆኖ 3.125 ቢትኮይን ገብቷል። እሱንም አንተ እስክታገኘው ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ይፈሳል።

የጁገሏ፦
እኔ ከሐረር ነኝ። ለመማር ነው ብሏችኋል፣ ተዉት። ወንድሜ፣ ከኮምፒውተሩ በፊት ሃቡን፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ ማብዣውን አስብ። የራሱ አዳፕተር ያለው ዩኤስቢ ሃብ ያስፈልግሃል። ፓይ 3ም ሆነ 4 በዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ በጠቅላላ የሚሰጠው 1.2 አምፒር ነው፣ በ5 ቮልት 6 ዋት ማለት ነው። ሦስት ስቲክ ያንን አልፎ ሲስብ ወይ ፓይው እየጠፋ ይነሳል፣ ወይ አንዱ ስቲክ ይሰወራል። ሃብ ስትገዛ ስንት ቀዳዳ አለው ብለህ አትቁጠር። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አምፒር አንብብ።

ከዚያ የመብራቱ ጉዳይ አለ። ፓይ የሚነሳው ከሜሞሪ ካርድ ነው። እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ሁሉንም አስተካክለህ ስትጨርስ ሌላ ካርድ ላይ ገልብጠህ አስቀምጥ። መብራት ሲመለስ ፓይ በራሱ ይነሳል። ሚኒ ፒሲ ከሆነ ግን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብተህ መብራት ሲመጣ እንዲነሳ ማዘዝ አለብህ፣ አለዚያ ሥራ ውለህ ስትመጣ ተኝቶ ታገኘዋለህ። ላፕቶፕህም ባትሪው ደህና ከሆነ አትናቀው፣ መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው የራሱ ዩፒኤስ አለው ማለት ነው። ስክሪኑን አጥፋው፣ አቧራውን አስጠርገው፣ ጩኸቱ ይቀንስ ይሆናል።

ታይዋን ደንበኛ፦
እህቴ ባለ አዳፕተር ሃብ እሱ ጋ አለ።

ደቻቱ ማዶ፦
አዳፕተሩን ከመሳቢያ ካወጣው ሩጥ።

ነምበር ዋን ልጅ፦
ለምን በጌም ካርድ ሌላውን ዲጂታል ገንዘብ፣ ኤቴሪየምን አታወጣም?

ከዚራ ጥላ፦
ኤቴሪየም መስከረም 2015 ላይ ማይኒንግ ትቷል። የት ነበርክ?

የጁገሏ፦
ሙቀቱ ካስቸገረህ ደግሞ ሐረር አምጣው። ደንገጎን ስትወጣ ራሱ ይቀዘቅዛል።

ቀፊራ ማለዳ፦
ሐረሮች መጀመሪያ ውሃ ይምጣላችሁ፣ ከዚያ ማይነር ታስተናግዳላችሁ።

የጁገሏ፦
ማይነሩ ውሃ አይጠጣም። አንተ ስትመጣ ግን ጄሪካንህን ይዘህ ና።

የሳቢያኑ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የሐረሯን። ያለኝ ሃብ አዳፕተር የለውም። ሦስተኛው ስቲክ በየሰዓቱ የሚሰወረው ለዚህ ይሆናል። ቅዳሜ ወርጄ አያለሁ። ታይዋን ያለው ልጅ ከየትኛው በር ነው?

ታይዋን ደንበኛ፦
ውስጥ መስመር አናግረኝ። በእኔ ስም ከሄድክ ይቀንስልሃል።

ደቻቱ ማዶ፦
ውስጥ መስመር! እዚሁ ብትጽፈው ምን አለበት?

አሸዋ በር፦
የሳቢያኑ፣ ቅዳሜም አለፈ። ምን ወሰድክ? ፓይ ነው ሚኒ ፒሲ?

ነምበር ዋን ልጅ፦
ላፕቶፑ ይሸጣል? ራሙ ስንት ነው?