ወንድሜ ከልጆች ክሊኒክ ወጣ፤ አሁን የት ልውሰደው?

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ፋሎት ቴትራሎጂ ከሚባለው የልብ ችግር ጋር ነው የተወለደው፤ በ6 ዓመቱ ኦፕራሲዮን ተደረገለት። ዳነ እንበል እንጂ ክትትሉ የዕድሜ ልክ ነው። ወደ ሳንባ ደም የሚያሳልፈው ቫልቭ ከዓመታት በኋላ ሊያፈስ፣ የልብ ምቱም ሊዛባ ይችላል።

18 ሲሞላው የልጆች ክሊኒኩ "ከእንግዲህ አዋቂዎች ጋ ነህ" ብሎ ሸኘው። ሪፈር አልጻፉለትም። እዚህ ካርድ አወጣን። ሐኪሙ "ምን ዓይነት ጥገና ነው የተደረገለት?" ሲለኝ፣ በእጄ ያለው ማጠፊያው ላይ የተቀደደ የመውጫ ወረቀትና ከ3 ዓመት በፊት የተነሣው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ብቻ ነው። ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) አንስተው "ደህና ነው" አሉን።

እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ድሮ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ በሩጫ ይሻገር የነበረ ልጅ አሁን ቀፊራ ገበያ እስኪደርስ ሁለቴ ይቆማል። ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን የሚያይ ይመስላል። "ሙቀቱ ነው" ይለኛል። የድሬን ሙቀት እኮ ከተወለደ ጀምሮ ያውቀዋል!

በልጅነቱ ልቡ የተጠገነ አዋቂን የሚከታተል ሐኪም ድሬ ወይም ሐረር ውስጥ የምታውቁ አላችሁ፣ ወይስ ጊዜ ሳላጠፋ አዲስ አበባ ልውሰደው?